እጅ ለእጅ፦ ነርቭ መንገዱን በምን ያገኛል?

[ምስል፦ የከተራ ዕለት፣ ጎንደር። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ታቦት አጅቦ ይወርዳል።]

ከተራ ዕለት ጎንደር ውስጥ ልጅ ይዞ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መንገዱ በሰው ይሞላል። እናት ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «እጄን እንዳትለቅ!»

እኛም በእናታችን ማህፀን ሳለን የነርቭ ሴሎቻችን እንዲህ ያለ ጉዞ ላይ ነበሩ። አንዳንዱ ሴል ከተወለደበት ተነስቶ ወደ ሥራ ቦታው ይሄዳል። ሌላው ባለበት ሆኖ አክሶን የሚባል ቀጭን ክር ይዘረጋል። ከወገብ አካባቢ ተነስቶ እስከ እግር የሚወርድ አክሶን አለ። አዋቂ ሰው ላይ 1 ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ክር መንገዱን ማን አሳየው?

[ምስል፦ የአክሶን ጫፍ በማይክሮስኮፕ። እንደ ጣት ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል።]

ክሩ ጫፉ ላይ እንደ መዳፍ ሰፋ ይላል፣ ጣት መሰል ነገሮችም አሉት። ይህን በ1890 እ.ኤ.አ. የገለጸው ስፔናዊው ራሞን ኢ ካኻል ነው። ያየው በቀለም የተነከረ የዶሮ ሽል ነበር። ክሩ በሕይወት እያለ ሲያድግ ያሳየው ደግሞ በ1907 አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን ነው፤ ከእንቁራሪት ሽል በወሰደው ቁራጭ።

ጫፉ እየዳሰሰ ይሄዳል። የሚዳስሰው የሌሎች ሴሎችን ገጽ ነው። እዚያ ላይ ስኳር የለበሱ ፕሮቲኖች ቆመዋል፤ ግላይኮፕሮቲን ይባላሉ። ስኳር ሲባል ሻይ ውስጥ የምንጨምረው አይምሰላችሁ። እርስ በርስ የተያያዙ ትንንሽ የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። የደም ዓይነታችሁ ኤ ወይም ቢ የተባለው በቀይ የደም ሴል ላይ ባሉት እንዲህ ዓይነት ስኳሮች ልዩነት ነው።

ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ ኤን-ካም ነው። በ1970ዎቹ ጄራልድ ኤደልማንና ባልደረቦቹ ከዶሮ ሽል ለዩት። የአንዱ ሴል ኤን-ካም የጎረቤቱን ኤን-ካም ይይዛል። እጅ ለእጅ ማለት ነው። ኤደልማን ቀደም ሲል፣ በ1972፣ በፀረ እንግዳ አካል ቅርጽ ምርምር ኖቤል ተሸልሞ ነበር። በኋላ ኤን-ካም ሲታይ፣ ክፍሎቹ ከዚያው ከፀረ እንግዳ አካል ጋር የሚመሳሰሉ ሆነው ተገኙ።

[ምስል፦ ጋቢ የደራረቡ ሰዎች ማለዳ ላይ። ተጠጋግተው መቆም ያቅታቸዋል።]

አሁን እኔን ሁልጊዜ ወደሚገርመኝ ነገር ልምጣ። በሽል ጊዜ ኤን-ካም ፖሊሳያሊክ አሲድ የሚባል ረጅም የስኳር ሰንሰለት ይለብሳል። ሰንሰለቱ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ ብዙ ውሃም ይዞ ያብጣል። ወፍራም ጋቢ ደርበው የተቃቀፉ ሰዎችን አስቡ። ቢቃቀፉም አይጣበቁም። ሴሎቹም እንደዚያ ይላላሉ። ላልተው ይንቀሳቀሳሉ፣ ክሩም ያልፋል። በእንስሳት ሽል አንጎል ሲለካ ለ100 ግራም የኤን-ካም ፕሮቲን 30 ግራም ያህል ሳያሊክ አሲድ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚሠራበት ስኳር፣ ነበር። ካደጉ በኋላ ወደ 10 ግራም ይወርዳል። ጋቢው ይወልቅና መያያዙ ይጠነክራል። ሂፖካምፐስ በሚባለው፣ ትውስታን በሚያግዘው የአንጎል ክፍል ግን ከፊሉ ዕድሜ ልክ ይቆያል። እዚያ ገና የሚለዋወጥ ነገር አለና።

ሴሎችን የሚያያይዘው ሌላው ፕሮቲን ኤል-ዋን ነው። አክሶኖች በጥቅል አብረው እንዲያድጉ ያግዛል። ጂኑ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ፣ ሲበላሽ የሚጎዱት በአብዛኛው ወንዶች ልጆች ናቸው። ጭንቅላት ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ይታጠፋል። ጭንቅላቱ ያበጠ ሕፃን ሁሉ ግን ይህ አለበት ማለት አይደለም። ማጅራት ገትርም ሊያመጣው ይችላል። ምክንያቱን የሚለየው ሐኪም ነው።

በቤተ ሙከራ ደግሞ አልኮል ኤል-ዋን ሴሎችን የሚያያይዝበትን ኃይል ሲያዳክም ታይቷል፤ ያውም በትንሽ መጠን። አልኮል ሽልን ከሚጎዳባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ከጥምቀት መልስ ጠላው ሲቀዳ፣ ነፍሰ ጡር እንግዳ ካለች «ትንሽ ቅመሽ፣ ምን አለው» አትበሏት። ሻይ አፍሉላት።