ከፀሐይ አጠገብ የምትታየው ነጥብ

የተከበራችሁ የሳይንስ መምህራንና የሥነ ፈለክ ክበባት አባላት፣

ሶሆ የተባለው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. ወደ ህዋ የተላከ ሲሆን፣ ከምድር ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ያለማቋረጥ ፀሐይን ይመለከታል። ከመሣሪያዎቹ አንዱ የፀሐይን ገጽ በክብ መከለያ ሸፍኖ በዙሪያዋ ያለውን ደብዛዛ ኮሮና፣ ማለትም የፀሐይን ውጫዊ ከባቢ አየር ያሳየናል፤ ሰው ሠራሽ ግርዶሽ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ምስል ላይ አልፎ አልፎ፣ ግራና ቀኙን ቀጭን አግድም መስመር የተዘረጋለት ደማቅ ነጥብ ብቅ ይላል። ወዲያውም ምንነቱ ያልታወቀ ግዙፍ አካል ወደ ምድር እየገሰገሰ ነው የሚል ወሬ ይናፈሳል። ነጥቡ ግን ፕላኔት ነው፤ መስመሩም የካሜራው ዳሳሽ ከአቅሙ በላይ ብርሃን ሲያርፍበት የሚፈጠር ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ጁፒተርና ሳተርን በአንድነት በዚሁ ምስል ውስጥ ታይተዋል።

ማንነቱን የሚነግረን አካሄዱ ነው። ሰሜን ወደ ላይ በሆነበት ምስል ከዋክብት ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋሉ፤ ጁፒተርና ሳተርንም እንዲሁ። ሜርኩሪና ቬነስ ከፀሐይ ኋላ ሲያልፉ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ይጓዛሉ፤ በእኛና በፀሐይ መካከል ሲሆኑ ደግሞ አቅጣጫቸው ይገለበጣል። ተማሪዎች የጥቂት ቀናት ምስሎችን አውርደው የነጥቡን ቦታ በወረቀት ላይ ቢያሰፍሩ፣ ፀሐይን በዓይናቸው ሳያዩ የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ ይለካሉ፤ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ቤተ ሙከራ አላውቅም።

የፀሐይ ማዕበል ግን ቀናትን አይጠብቅም። ከኮሮናው የተወረወረው የጋለ ጋዝ ደመና ምስሉን በሰዓታት ውስጥ ያቋርጣል። በመከለያው ዙሪያ በሁሉም አቅጣጫ ከሰፋ ወይ ወደ እኛ እየመጣ ነው፣ ወይ ከእኛ እየራቀ፤ ይህን ለመለየት በፀሐይ ገጽ ላይ ፍንዳታው የት እንደተነሣ ማየት ያስፈልጋል። ወደ እኛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ ያለው የትንበያ ማዕከልም ከጂ1 (ደካማ) እስከ ጂ5 (እጅግ ኃይለኛ) በሚደርስ የማዕበል መለኪያ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የደረሰው ማዕበል ከ2003 ወዲህ የመጀመሪያው ጂ5 ነበር። የፍንዳታው ኤክስ ጨረር ግን በስምንት ደቂቃ ገደማ ስለሚደርስ፣ ፍንዳታውን ባየንበት ቅጽበት የአጭር ሞገድ ሬዲዮ መታወክ ጀምሯል።

ለአገራችን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። የጂ መለኪያ የሚሰላው በአብዛኛው ከምድር ወገብ ርቀው ከሚገኙ የመግነጢስ ጣቢያዎች ነው፤ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ግን በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። እዚህ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት ወራት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአየነ ክልል (አዮኖስፌር፣ በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ባሉበት የላይኛው ከባቢ አየር) ውስጥ የሚፈጠሩ፣ ቅንጣቶቹ የሳሱባቸው ጉድጓዶች ማዕበል በሌለበት ምሽት እንኳ የጂፒኤስን ምልክት ያናጋሉ። ስለዚህ በጂፒኤስ ልኬት የሚወስድ ባለሙያ፣ ከቦልደር ማስጠንቀቂያ አለመውጣቱን ብቻ አይቶ የምሽት ልኬቱን ሳያመሳክር መቀበል የለበትም።

አመሰግናለሁ።