ሦስት ፓርቲ፣ አንድ በጀት፦ ርዕዮተ ዓለም ወንበር ሲይዝ

[በምስል፦ በርሊን፣ ምሽት። ቀኑ በጽሑፍ ይታያል፦ ኖቬምበር 6፣ 2024]

ያን ዕለት ዓለም ዓይኑን የተከለው አሜሪካ ላይ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ ማሸነፋቸው የተሰማው በዚያው ጠዋት ነው። ማታ ላይ ደግሞ በርሊን ውስጥ ሌላ ዜና ፈነዳ። የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ኦላፍ ሾልዝ የገንዘብ ሚኒስትራቸውን ክርስቲያን ሊንድነርን አባረሩ። ሦስት ፓርቲዎች አብረው ያቋቋሙት ጥምር መንግሥት በአንድ ምሽት ፈረሰ።

ያጣላቸው ገንዘብ ነው። የተሰረቀ ገንዘብ ግን አልነበረም። መንግሥት ለ2025 በጀት ተጨማሪ ይበደር ወይስ ያለውን ያብቃቃ? ጠቡ ይኸው ነው።

ከሩቅ ሲያዩት የሒሳብ ባለሙያዎች ክርክር ይመስላል። እኔ ግን ፓርቲና ርዕዮተ ዓለም በዴሞክራሲ ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላገኘሁም። ስለዚህ ዛሬ ጀርመንን ይዘን እንሄዳለን። መሀል ላይ የኛም ታሪክ ይመጣል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

[በምስል፦ ባዶ የፓርላማ አዳራሽ]

ርዕዮተ ዓለም ሲባል ብዙዎቻችን ወፍራም መጽሐፍ፣ ረጅም ስብሰባና መፈክር ነው የሚታየን። ቀለል አድርገን እንየው። በየትኛውም አገር ክርክራቸው የማያልቅ ጥያቄዎች አሉ። ግብር ምን ያህል ይሁን፣ ከማንስ ይሰብሰብ? ሥራ ያጣን ሰው ማን ይደግፈው፣ እስከ መቼ? እኛ የተበደርነውን ልጆቻችን ይክፈሉት? ለነዚህ ጥያቄዎች እርስ በርሱ የተያያዘ መልስ ካላችሁ፣ ስሙን ባታውቁትም ርዕዮተ ዓለም አላችሁ።

ግራና ቀኝ የሚባለው አከፋፈል ከ1789 የፈረንሳይ ጉባኤ የመጣ ነው። የንጉሡን ሥልጣን ለመጠበቅ የፈለጉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ ተቀመጡ፤ ሥልጣኑን ለመቀነስ የፈለጉት በስተግራ። ዛሬ ጥያቄዎቹ ተለውጠዋል፤ አቀማመጡ ግን ቀርቷል።

ሐሳብ ብቻውን ግን ወንበር አይዝም። ዕጩ የሚያቀርብ፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ በር እያንኳኳ ድምፅ የሚለምን ሰው ያስፈልገዋል። ፓርቲ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፓርቲ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይፈልጋል፤ በሐሳቡ መጽናትም ይፈልጋል፣ ማሸነፍም ይፈልጋል። ሁለቱ ሁልጊዜ አይስማሙም። የፓርቲዎች ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ትግል ታሪክ ነው።

[በምስል፦ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ፤ በየቀለሙ ሥር የፓርቲው ስም]

የሾልዝ መንግሥት በፓርቲዎቹ ቀለም የተነሳ የትራፊክ መብራት ጥምረት ይባል ነበር። ቀዩ ሶሻል ዴሞክራት ነው። ሥሩ እስከ 1863 ይደርሳል፤ በሠራተኞች ትግል የተወለደ ፓርቲ ነው። ለረጅም ጊዜ የማርክስ ልጅ ነበር። በ1959 ባድ ጎደስበርግ በተባለ ቦታ ጉባኤ ተቀምጦ ያንን ትምህርት ከፕሮግራሙ አወጣ። የገበያ ኢኮኖሚን ተቀበለ፤ የሠራተኛ መደብ ፓርቲ ብቻ መሆኑንም ተወ። ከ10 ዓመት በኋላ ቪሊ ብራንት የመጀመሪያው የድኅረ ጦርነት ሶሻል ዴሞክራት መራሔ መንግሥት ሆኑ። እኔ ይህን ክህደት አልለውም። ሕዝብ ሲያዳምጥ የኖረ ፓርቲ ሐሳቡን ቢያርም ሥራውን ሠራ ማለት ነው።

ቢጫው፣ ነፃ ዴሞክራቶች የሚባለው፣ የሊንድነር ፓርቲ ነው። የግለሰብ ነፃነት፣ ዝቅተኛ ግብር፣ መንግሥት ኪስ ውስጥ እጁን አያስገባ ይላል። አረንጓዴዎቹ በ1980 ከአካባቢ ጥበቃና ከሰላም ንቅናቄ የተወለዱ ናቸው። እነሱም ሥልጣን ምን እንደሚያስከፍል ያውቃሉ። በ1999 የራሳቸው ሰው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዮሽካ ፊሸር፣ ጀርመን በኮሶቮ ጦርነት እንድትሳተፍ ደገፉ። በፓርቲው ጉባኤ ላይ ቀይ ቀለም የሞላ ከረጢት ተወርውሮ ጆሯቸውን መታቸው። ጉባኤው ግን ተወያይቶ መስመራቸውን ደገፈ።

[በምስል፦ የድምፅ መስጫ ወረቀት፤ ሁለት ዓምድ]

እነዚህ ሦስቱ እንዴት አንድ ላይ መጡ? መልሱ ያለው የምርጫው ሥርዓት ውስጥ ነው።

ጀርመናዊ መራጭ ሁለት ድምፅ አለው። በአንደኛው የአካባቢውን ዕጩ ይመርጣል። በሁለተኛው ፓርቲ ይመርጣል። ፓርላማው፣ ማለትም ቡንደስታግ፣ በፓርቲዎች መካከል የሚከፋፈለው በሁለተኛው ድምፅ ነው። 20 በመቶ ያገኘ ፓርቲ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ወንበር ይይዛል።

ከኛ ጋር አነጻጽሩት። በኢትዮጵያ በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል። በየምርጫ ክልሉ 30 በመቶ እያገኘ በሁሉም ቦታ ሁለተኛ የሚወጣ ፓርቲ አንድም ወንበር ላይኖረው ይችላል። ደጋፊዎቹ ሚሊዮኖች ቢሆኑም ፓርላማ ውስጥ ድምፃቸው አይሰማም። የምርጫ ሕግ ደረቅ ነገር ይመስላል፤ የትኛው ሐሳብ ፓርላማ እንደሚገባ የሚወስነው ግን እሱ ነው።

የጀርመኑም አጥር አለው። 5 በመቶ ያልደረሰ ፓርቲ በመደበኛው መንገድ አይገባም። ለዚህ ምክንያት አላቸው። ከ1933 በፊት በነበረው የቫይማር ሪፐብሊክ ፓርላማው በጥቃቅን ፓርቲዎች ተሰነጣጥቆ መንግሥት ማቋቋም ከብዶ ነበር። የዚያ ጠባሳ ሕግ ሆነ።

በ2021 ሶሻል ዴሞክራቱ 26 በመቶ ገደማ አገኘ። አንደኛ ወጣ፤ ብቻውን ግን መግዛት አይችልም። አረንጓዴዎቹ ወደ 15፣ ነፃ ዴሞክራቶቹ ከ11 በመቶ በላይ ነበራቸው። ሲደመር ግማሹን ያልፋል። ስለዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ።

[በምስል፦ ወፍራም ሰነድ፣ ገጾቹ ይገለጣሉ]

ውጤቱ ከ170 ገጽ በላይ የሆነ የጥምረት ስምምነት ነበር። ዝም ብላችሁ ስታነቡት አሰልቺ ነው። ማን ምን ሰጥቶ ምን እንደወሰደ እያያችሁ ስታነቡት ግን ሌላ ነው። ቀዩ ፓርቲ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 12 ዩሮ እንዲሆን አደረገ፤ በኦክቶበር 2022 ሥራ ላይ ዋለ። ጀርመን ውስጥ ሆቴል ወይም መጋዘን የሚሠሩ የኛ ሰዎችም ኪሳቸው ውስጥ ያዩት ለውጥ ነው። አረንጓዴው፣ ከተቻለ በ2030 ከድንጋይ ከሰል መውጣት የሚል ቃል አስገባ። “ከተቻለ” የምትለዋ ቃል ብዙ ድርድር ተሸክማለች። ቢጫው ደግሞ አውቶባን በሚባሉት ፈጣን መንገዶች ላይ አጠቃላይ የፍጥነት ገደብ እንዳይጣል አደረገ። ትልቁ ድሉ ግን ሌላ ነው፤ ዋና ዋና ግብሮች እንዳይጨምሩና የዕዳው ልጓም እንዳይነካ።

የዕዳ ልጓም ምንድን ነው? በ2009 ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባ ደንብ ነው። በመደበኛ ጊዜ የፌዴራል መንግሥቱ መሠረታዊ የበጀት ጉድለት ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 0.35 በመቶ እንዳያልፍ ይከለክላል። ለቢጫው ይህ የትውልድ ፍትሕ ነው፤ የዛሬን ድግስ ለልጅ አታስከፍል። ለቀዩና ለአረንጓዴው ግን የፈረሰ ድልድይና ያረጀ ባቡርም ለልጅ የሚተላለፍ ዕዳ ነው። ሁለቱም ስለ ልጆች ነው የሚከራከሩት። ርዕዮተ ዓለም የሚባለው ይኸው ነው። አንዱ ወገን ክፉ መሆን አያስፈልገውም።

ለጊዜው መውጫ አገኙ። ለኮሮና ተፈቅዶ ያልተነካ 60 ቢሊዮን ዩሮ የመበደር ፈቃድ ነበር፤ ወደ አየር ንብረት ፈንድ አዞሩት። ተቃዋሚው ክርስቲያን ዴሞክራት ከሰሰ። በኖቬምበር 2023 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይህ አይቻልም አለ። ገንዘቡ በአንድ ቀን ጠፋ። ሦስቱን አቻችሎ የያዛቸው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ጭቅጭቅ ነው። መጨረሻ ላይ ሊንድነር ግብር ይቀነስ፣ የአየር ንብረት ደንቦችም ይቅለሉ የሚል ባለ 18 ገጽ ሰነድ ይዘው ቀረቡ። ሾልዝ ደግሞ ዩክሬንን ለመርዳት የዕዳው ልጓም ይላላ አሉ። የቀረውን ሰምታችኋል።

[በምስል፦ ቡንደስታግ፣ የድምፅ ቆጠራ፦ 207 ድጋፍ፣ 394 ተቃውሞ፣ 116 ድምፀ ተዓቅቦ]

ከዚያ ምን ሆነ? መራሔ መንግሥቱ ፓርላማውን አትተማመኑብኝም ወይ ብለው ጠየቁ። ሊሸነፉ ፈልገው ነው የጠየቁት። የጀርመን ፓርላማ ራሱን በራሱ መበተን አይችልም፤ መራሔ መንግሥቱ የመተማመኛ ድምፅ ሲያጡ ግን ፕሬዚዳንቱ ሊበትኑት ይችላሉ። ዲሴምበር 16 ተሸነፉ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2025 ሕዝቡ መረጠ። ከመራጩ ከ80 በመቶ በላይ ወጣ።

ሦስቱም ተቀጡ። ቀዩ ወደ 16.4 በመቶ ወረደ። ቢጫው 4.3 በመቶ አግኝቶ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። አንደኛ የወጣው የፍሪድሪሽ ሜርስ ክርስቲያን ዴሞክራት ነው፤ ከባየርን ክፍለ ግዛቱ እህት ፓርቲ ጋር 28.5 በመቶ ገደማ። ቀኝ አክራሪው አማራጭ ለጀርመን 20.8 በመቶ ይዞ ሁለተኛ ሆነ። ይህን ቁጥር በቀላሉ አልፌ አልሄድም። እዚያ የሚኖር ስደተኛ ወገናችን ቁጥሩን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

አሁን ደግሞ የሚያስቆጣው ክፍል። ሜርስ የቀሰቀሱት የዕዳው ልጓም ይከበር ብለው ነው። ከምርጫው አንድ ወር ሳይሞላ ግን፣ ማርች 18፣ ለመከላከያ ልጓሙን የሚያላላና ለመሠረተ ልማት 500 ቢሊዮን ዩሮ የሚፈቅድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ512 ድምፅ አሳለፉ። ያሳለፉትም በአሮጌው ፓርላማ ነው፤ አዲሱ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከቀዩና ከአረንጓዴው ጋርም ቢደመሩ አይሞላላቸውም ነበር። ሕጋዊ ነው። ሊያስፈልግም ይችላል። ግን መራጩ ቅስቀሳው ላይ የሰማው ሌላ ነበር። ፓርቲ ከተቀናቃኙ ጋር ተደራድሮ ሐሳቡን ቢቀንስ ይገባኛል። ሊያደርገው ያሰበውን ደብቆ ድምፅ ቢለምን ግን መራጩን መናቅ ነው፤ የዚህም ትርፍ የሚሄደው ሁሉም ውሸታም ናቸው ለሚለው አክራሪ ነው።

[በምስል፦ ጥቁርና ነጭ፤ በርሊን 1930]

ጀርመኖች ሁልጊዜ እንዲህ በሰላም አልተለያዩም። በማርች 1930 የሄርማን ሙለር ጥምር መንግሥት ፈርሷል። ያፈረሰው ምን መሰላችሁ? ገንዘብ፤ ለሥራ አጥ መድን የሚከፈለው መዋጮ ይጨምር አይጨምር የሚል ክርክር። ከሱ በኋላ በፓርላማ አብላጫ የቆመ መንግሥት በዚያ ሪፐብሊክ አልታየም። ፕሬዚዳንቱ በአስቸኳይ አዋጅ መግዛት ጀመሩ። ከአንድ ግንድ የወጡት ሶሻል ዴሞክራቶችና ኮሚኒስቶች ዋና ጠላት አድርገው ያዩት እርስ በርሳቸውን ነበር። በ1933 ሂትለር ሁለቱንም አጠፋቸው፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ከናዚ በቀር ፓርቲ ሁሉ በሕግ ታገደ።

ይህ ታሪክ ለኛ ሩቅ አይደለም። መኢሶን የተመሠረተው በ1968 ሐምቡርግ ከተማ ነው። ኋላ ኢሕአፓ የሆነው ድርጅት በአፕሪል 1972 ምዕራብ በርሊን ተመሠረተ። ሁለቱም ማርክሲስት ሌኒኒስት ናቸው። ሁለቱም መሬት ላራሹ ሲሉ ካደጉ ተማሪዎች የወጡ ናቸው። የጀርመን ቀዮችና ቢጫዎች ከተለያዩት ይልቅ እነዚህ በርዕዮተ ዓለም ይቀራረባሉ። ያለያያቸው ዋናው ነገር ደርግን በሚመለከት የያዙት አቋም ነበር። መኢሶን ሂሳዊ ድጋፍ አለ፤ እየነቀፉ መደገፍ ማለት ነው። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ። ያ ልዩነት ጥይት ሆነ። ደርግ ሁለቱንም ተራ በተራ በላቸው፤ የአንድ ትውልድ ልጆች አለቁ።

በዚያው አፕሪል 1972፣ ያኔ የምዕራብ ጀርመን መዲና በነበረችው ቦን የሆነውን ደግሞ ስሙ። ተቃዋሚው ራይነር ባርትሰል ቪሊ ብራንትን በፓርላማ ድምፅ ሊያወርድ ሞከረ። 249 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ 247 አገኘ። በኋላ የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት ድምፅ መግዛቱ ተጋልጧል፤ ስለዚህ ንጹሕ ጨዋታ ነበር ማለት አይቻልም። ቢሆንም ማንም አልተገደለም። በኖቬምበር ሕዝቡ ተጠየቀ፤ ብራንት አሸነፉ።

ልዩነቱ የጀርመን ወጣት የተሻለ ጨዋ ስለሆነ አይደለም። 1933ን አይተናል። የኛ ወጣቶች ክርክራቸውን ቆጥሮ የሚዳኝ ፓርላማ አልነበራቸውም። በንጉሡም በደርግም ዘመን ተቃዋሚ ፓርቲ ማቋቋም ክልክል ነበር። የተሸነፈ ሐሳብ ወደ ቤቱ ሄዶ ለሚቀጥለው ምርጫ የሚዘጋጅበት ሕግ አልነበረም። መሸነፍና መሞት አንድ በሆኑበት አገር የሂሳዊ ድጋፍ ክርክር የበጀት ክርክር ሊሆን አይችልም። ስለ ያ ትውልድ ስናወራ ርዕዮተ ዓለሙን ብቻ መክሰስ ይቀለናል። እኔ ግን መሸነፊያ ቦታ መነፈጋቸው የባሰ ይመስለኛል።

[በምስል፦ የነፃ ዴሞክራቶች ቢጫ ባንዲራ፣ ጉባኤ]

በዚህ ዓይን የሊንድነርን ፓርቲ እንየው። ዛሬ ቡንደስታግ ውስጥ አንድ ወንበር የለውም። ሊንድነር በምርጫው ምሽት ከፖለቲካ እንደሚወጡ አሳወቁ፤ በሜይ 2025 ጉባኤው ክርስቲያን ዱርን መረጠ። ቢሮው አልታሸገም። ከመንግሥት የሚሰጠው የፓርቲ ድጎማም አልተቋረጠም፤ ድጎማውን ለማግኘት በፌዴራል ምርጫ 0.5 በመቶ ይበቃል። ይህ ፓርቲ በ2013ም 4.8 በመቶ አግኝቶ ወጥቶ ነበር። በ2017 በ10.7 በመቶ ተመለሰ። አሁን ደግሞ የሚቀጥለው ምርጫ 2029 ላይ ነው፤ እስከዚያ በየክፍለ ግዛቱ እየዞረ ስለ ዕዳ ልጓም የሚለውን ይላል።