ይቺን ባዶ ጠርሙስ እዩልኝ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የጣና ዓሣ አጥማጆች፣ ባልደረቦቼና ተማሪዎቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ለጡረታ ሽኝቴ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጽፌ የመጣሁት ንግግር አለ። መጀመሪያ ግን ይቺን ጠርሙስ እዩልኝ። ባዶ ናት። የተለጠፈባት ወረቀት «ሐምሌ» ይላል፤ የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

ሰባት ዓመት ሙሉ በየወሩ ጣና ላይ መረብ ስጎትት አይታችሁኛል። «ሰውዬው ዛሬም ባዶ መረብ ይጎትታል» እያላችሁ ስቃችሁብኛል። ባዶ አልነበረም። መረቡ እንደ ሻሽ የጠበቀ ነው። የሚይዘው ዙፕላንክተን ነው፤ ብዙዎቹ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ የውሃ እንስሳት። በየወሩ አንድ ጠርሙስ፣ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን፣ 84 ጠርሙስ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ለጥምቀት አገር ቤት፣ ሰከላ ሄድኩ። ስመለስ ጠርሙሶቹ ታጥበው መደርደሪያው ላይ ተደፍተዋል። የዕቃ ቤት ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ «ጋሼ፣ ውሃው ሸቶ ነበር፤ ደፍተን አጠብንልዎት» አለችኝ። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? «እግዜር ይስጥልኝ!» ከድንጋጤ የተነሳ ነው። በኋላ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እሷ ምን አጠፋች? «ክፍሉን አጽዱ» ያላት አለቃ ነው ውስጡ ምን እንዳለ ያልጠየቀው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም።

እስቲ ወደ ባሕር ልውሰዳችሁ። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን በሶማሊያ ዳርቻ ከደቡብ ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ይነፍሳል። የላዩ ውሃ ከዳር ወደ ጥልቁ ባሕር ይሸሻል። በምትኩ ከታች ቀዝቃዛና ማዳበሪያ ያዘለ ውሃ ይወጣል። አልጌው፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር፣ ይፈላል። ካላኖይደስ የምትባል ኮፔፖድ አለች፤ ኮፔፖድ ከዙፕላንክተኑ አንዷ፣ አልጌ የምትበላ ደቃቅ እንስሳ ናት። ነፋሱ እስኪመጣ ከ500 ሜትር በታች፣ ጨለማ ውስጥ፣ ሳትበላ ባጠራቀመችው ስብ ትቆያለች። ነፋሱ ሲነሳ ወደ ላይ ወጥታ ትበላለች፤ ትራባለች። ይህ የታወቀው መረብ እየተጎተተ፣ ጠርሙስ እየተቀመጠ ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ1959 እስከ 1965 የብዙ አገር መርከቦች የህንድ ውቅያኖስን አሰሱ። የሰበሰቡት ዙፕላንክተን ሕንድ፣ ኮቺን ከተማ ተልኮ በየዓይነቱ ተለየ። ማንም አላጠበውም!

የኛዋ ኮፔፖድ እንደዚያችኛዋ የምትሸሸግበት ጥልቀት የላትም። ጣና በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ሲገባ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ደለል ይዘው ይመጣሉ። ውሃው ሲደፈርስ ብርሃን ይቀንሳል፤ አልጌውም የሷም ምግብ ይሳሳል። ቀረሶ የምንለው ዓሣ ጫጩት ደግሞ በልጅነቱ የሚበላው እሷንና መሰሎቿን ነው። መሃል ሐይቅ ያሉት ትንንሾቹ ዓሦችም እንደዚያው። ዓሣ በል የሆነው ነጭ ዓሣ ደግሞ እነሱን አድኖ ይበላል።

በየስብሰባው «ዓሣው የት ገባ?» ትላላችሁ። መልሱ ሁልጊዜ እምቦጭ ነው። እምቦጭ ክፉ ነው፣ አልክድም። ግን እምቦጭ ላይ ፎቶ ለመነሳት ጀልባ ይገኛል! ነዳጅ ይገኛል! ቲሸርት ይታተማል! በወር አንድ ቀን መረብ ለመጎተት ሲሆን «በጀት የለም»! የዓሣውን ምግብ ሳንቆጥር ዓሣው የት እንደገባ በምን እንወቅ?

የቀሩት ሁለት ገጾች ስለ ሐይቅ ዳር እርሻና ስለ ደንገል ነበሩ። ደንገሉን አትጨርሱት። ሌላው ይቅር፣ ምሳውም ቀዘቀዘ።

ዛሬ ጠዋት ጀልባ ለምኜ አንዴ መረብ ጎትቻለሁ። ማይክሮስኮፑ በሩ አጠገብ ነው። ያቺ የዕቃ ቤት ሠራተኛ እዚህ አለች፤ ቀድማ የምታየው እሷ ናት። ከዚያ ልጆች። አይታችሁ ስትጨርሱ ናሙናው እዚችው ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። «ሐምሌ» የሚለውን ሰርዤ የዛሬን ቀን ጽፌበታለሁ። የመደርደሪያው ቁልፍ ያለው እሷ ዘንድ ነው።