የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ፈንክሽን ውስጥ የተጻፈ ክላስ ለቴምፕሌት ይሆናል?

ስለ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ስለ ፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ፣ ስትደውሉ ግማሻችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው። ዛሬ እሱን እንጨርሰው።

«ፈንክሽን ውስጥ ማወዳደሪያ ስትራክት (ክላስ ማለት ነው) ጽፌ ለመደርደሪያው ለሶርት ስሰጠው ሥራ ቦታ አልቀበልም ይለኛል። ቤት ግን ያው ኮድ ይሠራል።»

የሥራ ቦታህ ኮምፓይለር፣ ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ በአሮጌው ደንብ እየሄደ ነው። ሶርት ቴምፕሌት ነው፤ የምትሰጠውን ዓይነት አይቶ ለዚያ የሚሆን ፈንክሽን የሚወጣበት ቅርጽ። በ1998ቱና በ2003ቱ ስታንዳርድ፣ በቋንቋው ይፋ ደንብ፣ ሎካል ክላስ (ፈንክሽን ውስጥ የተጻፈ ክላስ) የቴምፕሌት አርጊዩመንት ሆኖ ሊሰጥ አይችልም ነበር። ስም የሌለው ስትራክትም እንደዚያው። ሰበቡ ሊንኬጅ (ስም ከተጻፈበት ቦታ ውጭ መታወቁ) ነው፤ ከቴምፕሌት የሚወጣው ፈንክሽን ለሊንከሩ፣ የተተረጎሙትን ፋይሎች ለሚገጣጥመው ፕሮግራም፣ የሚታይ ስም ያስፈልገዋል፣ እዚያ ስም ውስጥ የክላሱም ስም ይገባል፣ ሎካል ክላስ ደግሞ ከፈንክሽኑ ውጭ የሚታወቅበት ስም የለውም ተባለ። የሚያናድደው የስህተቱ መልእክት ነው፤ «የሚስማማ ሶርት አላገኘሁም» ብሎ ስህተቱን ሌላ ቦታ እንድትፈልግ ያደርግሃል። የ2011ዱ ስታንዳርድ ክልከላውን አነሳው። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ከስሪት 4.5 ጀምሮ ይችለዋል፣ ግን እስከ ስሪት 5 ድረስ ካላዘዝከው በ1998ቱ ደንብ ነው የሚሄደው። ስታንዳርዱን በግልጽ ጻፍለት።

«ሎካል ክላስ ውስጥ ቴምፕሌት ፈንክሽን ማስገባት እችላለሁ?»

አትችይም። ስታቲክ ዳታ ሜምበርም (ለክላሱ ሁሉ አንድ የሆነ ቫሪያብል) አይፈቀድም።

«እኔ ስትራክቱን ከፈንክሽኑ አውጥቼ ፋይሉ አናት ላይ አደረግኩት፣ ስህተቱ ጠፋ። አሁን ግን ዝርዝሩ አንዳንዴ በዋጋ መደርደር ሲገባው በስም ይደረደራል።»

ይኸው! ይቺን ነው ስፈራት የነበረው። ወንድሜ፣ ስሙን ምን አልከው? «ኮምፔር» እንደምትለኝ እወራረዳለሁ። ባልደረባህም በሌላ ፋይል ለዚያው ዕቃ «ኮምፔር» የሚባል ስትራክት ጽፏል፤ ያንተ በዋጋ፣ የእሱ በስም። ክላስ ውስጥ የተጻፈ ፈንክሽን በራሱ ኢንላይን ነው፣ ማለትም በብዙ ፋይል መደገም ይፈቀድለታል፣ ስለዚህ ሊንከሩ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ቅጂዎች ሲያይ አይጮህም። እንደ ሰነፍ የቀበሌ ጸሐፊ አንዱን ቅጂ ይይዝና ሌላውን ይጥላል። የሶርቱም ቅጂ እንዲሁ አንድ ብቻ ይቀራል። ይህ የአንድ ፍቺ ሕግን (አንድ ስም በፕሮግራሙ ሁሉ አንድ ፍቺ ይኑረው የሚለውን) መጣስ ነው፤ ስታንዳርዱም ኮምፓይለሩን «አስጠንቅቅ» ብሎ አያስገድደውም። ዝም ያለ ኮምፓይለር ልክ ነህ አላለህም!

«አንዳንዴ» ያልከውም አይገርመኝም። ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ኮዱን የሚያፈጥንበት ሥራ) ሲበራ ማወዳደሪያው እዚያው ተዋህዶ ልክ ሊመስል ይችላል፣ ሲጠፋ ይበላሻል። ፋይሎቹ የሚገጣጠሙበት ቅደም ተከተል ሲቀየርም ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል። እናንተ ደግሞ ለሳምንት ዳታቤዙን ትወቅሳላችሁ።

ስትራክትን እንዲሁ ፋይል አናት ላይ የማውጣት ልማዱን ተዉት። ከአንድ ፋይል የማይወጣ ስትራክት ስም በሌለው ኔምስፔስ (ስሞችን በዚያው ፋይል ብቻ የሚያቆይ ክፍል) ውስጥ ይግባ። በአሮጌው ደንብም ቢሆን እዚያ የተቀመጠ ክላስ ለቴምፕሌት ይፈቀዳል። ስትራክት ላይ «ስታቲክ» መለጠፍ ግን አይሠራም፣ አትሞክሩት። ኔምስፔሱን ሄደር ፋይል ውስጥ እንዳታስገቡት ደግሞ፣ ሄደሩን የጠራ ፋይል ሁሉ የየራሱን ቅጂ ይይዛል። አዲስ ኮምፓይለር ካላችሁ ሎካሉን ሎካል አድርጋችሁ ተዉት፤ የፈንክሽኑ ስም አብሮት ስለሚሄድ ከሌላው ጋር አይጋጭም።

«ላምዳ ብጠቀምስ?»

ላምዳ፣ እዚያው በሚፈለግበት ቦታ የሚጻፈው አጭር ፈንክሽን፣ ራሱ ስም የሌለው ሎካል ክላስ ነው። የ2003ቱ ክልከላ ቢቀጥል ኖሮ ለሶርት መስጠት አይቻልም ነበር። ለሶርት ተጠቀሚበት። ግን የፈንክሽኑን ሎካል ቫሪያብሎች በሪፈረንስ (ሳይቀዳ ዋናውን እየጠቆመ) ይዞ ፈንክሽኑ ካለቀ በኋላ የሚጠራ ላምዳ እንዳትሠሪ፤ ቫሪያብሎቹ ሞተዋል። እዚህም ኮምፓይለሩ ዝም ሊል ይችላል። ዝም ያለ ኮምፓይለር… ታውቂዋለሽ።

«ሎካል ክላሴ የፈንክሽኑን ቫሪያብል አላይም ይለኛል።»

ተራ ሎካል ቫሪያብል አይነካም፤ በኮንስትራክተሩ (ከክላሱ ዕቃ ሲፈጠር በሚጠራው ፈንክሽን) አሳልፍለት። ስታቲክ ከሆነ ይነካል።

«የምንሠራው ለሕክምና መሣሪያ ነው፣ ኮዱ በ2003ቱ ደንብ ነው። አንዱን ፋይል ብቻ ወደ 2011 ልቀይረው?»

በስልክ አዎ አልልህም፣ አይሆንምም አልልህም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ኮምፓይለሩም ደንቡም አብረው ተፈትነው የጸደቁ ሊሆኑ ይችላሉ። የፕሮጀክቱን የደኅንነት ኃላፊ ሳታማክር አንድ መስመር እንዳትነካ። እስከዚያው ስም የሌለው ኔምስፔስ ይበቃሃል።