ያቺ ጠብታ

እሺ፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ስለ ኮራል ገንዳዬ ፓምፕ አወራለሁ ብዬ ነበር፣ ሌላ ቀን ይሁን፣ ያቺ የማክሰኞ ማታ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላለች። የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ ዓሳዎቹ ምንም አልሆኑም።

አልካሊኒቲ፣ ማለት ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን፣ እየለካሁ ነው። ታውቁታላችሁ፣ ትንሽ የገንዳ ውሃ፣ ቀለሙ፣ ከዛ አሲዱን በሲሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረጉ ብልቃጧን ማወዛወዝ። የኔ ሁሌ 8.3 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያው) አካባቢ ነው። የዛን ማታ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል ስል አንዲት ጠብታ ገባችና ሰማያዊው ድንገት ሮዝ ሆነ። ሲሪንጁን ወደ መብራት አስጠግቼ አነበብኩ፣ 6.1። ደገምኩት፣ ያው 6.1። ቀና ስል አክሮፖራዋ፣ ቅርንጫፍ የምታወጣ የባህር እንስሳ፣ ኮራል ማለት ነው፣ ፊት ለፊቴ ናት፣ ፖሊፖቿን፣ ትንንሽ ህያው አካሎቿን፣ በሙሉ አውጥታ፣ እንደ ለስላሳ ጸጉር ከውሃው ጋር ወዲህ ወዲያ ሲሉ። ደህና ናት ማለት ነው፣ አየኋት እኮ! አይቻት ነው አልካሊኒቲ ማሳደጊያውን የጨመርኩት።

ኮራል አጽሙን የሚሰራው ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ስለሆነ ቁጥሩ ሲወርድ ያስደነግጣል፣ እሺ። ግን አልካሊኒቲውን በቀን ከ1 በላይ አታስነሱ ብዬ ስንቴ ነው የነገርኳችሁ? እኔ 2.2ቱን በአንድ ማታ። በሶስተኛው ቀን የቅርንጫፎቿ ጫፍ ነጣ፣ ስጋው ለቆ አጽሙ ብቻ፣ የእንጨት ክብሪት ራስ የሚያክል ነጭ ነጭ።

ናይትሬቱም፣ ውሃው ውስጥ ያለው ምግብ፣ ዜሮ ነበር፣ እሱም ሳያባብሰው አልቀረም፣ ምክንያቱም ውሃው ምግብ አጥቶ አልካሊኒቲው ከፍ ሲል ነው ጫፍ የሚቃጠለው ይባላል፣ ድሮ እኔ ዜሮ ማለት ንጹህ ማለት ነው እል ነበር፣ ለካ ኮራሉም ትንሽ ናይትሬትና ፎስፌት ይፈልጋል... እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፣ ተዉት።

አዲስ የአልካሊኒቲ መለኪያ ኪት ገዝቼ ስለካ 10.4። የድሮው የአሲድ ጠርሙስ ክዳኑ በደንብ አልጠበቀም ነበር። ውሃው ተንኖ አሲዱ ጠንክሯል መሰለኝ፣ ትንሹ ጠብታ ቀለሙን ይቀይረዋል፣ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ውሃ ይተናል ጨው ይቀራል፣ ስለዚህ የጎደለውን በንጹህ ውሃ ብቻ ሙሉ፣ ጨዋማ ውሃ እንዳትጨምሩ እያልኩ በየዝግጅቱ ክፍል የምጮኸው እኔ ነኝ። ያው ነገር እኮ ነው፣ ጠርሙሱ ውስጥ። ሪፍራክቶሜትሩን፣ የጨው መለኪያውን፣ በየሳምንቱ ጨዋማነቱ ከሺህ 35 በሆነ ማመሳከሪያ ፈሳሽ አስተካክላለሁ፣ ኪቱን ግን አንድ ቀን እንኳን በምንም አመሳክሬው አላውቅም።

እና ምን ማለት ነው፣ ኮራሏን እመን ነው? አይደለም፣ ኮራል እኮ ምልክት እስኪያሳይ ብዙ ጊዜ ረፍዷል፣ ለዛ አይደል የምንለካው። ግን ያን ማታ... አላውቅም። አንድ ቀን ብቆይ ኖሮ።

አሁን በሁለት ኪት ጎን ለጎን ነው የምለካው። አልካሊኒቲው ምንም ሳልጨምር ቀስ እያለ ወርዷል፣ ዛሬ አንዱ 8.6 አለኝ፣ አንዱ 8.9፣ እና የቱን... ቆይ፣ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ አንድ ፖሊፕ ብቅ ያለ መሰለኝ፣ ወይ መብራቱ ነው፣ ቆይ እስቲ...