ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት፦ የድሮ ናፍጣ መኪና ነዳጅ አልደርስ ሲለው

(ምስል፦ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ፤ አንድ የድሮ ሃይሉክስ ዳር ይዞ ቆሟል።)

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ ወደ 2,500 ሜትር ትወጣላችሁ። ሜዳ ላይ ደህና ሲሄድ የነበረ አሮጌ ናፍጣ መኪና ጉዱ የሚወጣው እዚህ ዳገት ላይ ነው። ነዳጅ ብትረግጡም አይሰማም፤ በሁለተኛ ማርሽ ይጎተታል፤ ይንተፋተፍና ቀጥ ይላል። ከዚያ የሚሰማው ፍርድ ያው የታወቀው ነው፦ «ፖምፓው አልቆለታል።» ፖምፓውን (ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከውን ፓምፕ) ማሠራት ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት ናፍጣው የት እንደቀረ ከታንኩ ጀምራችሁ እንድትፈልጉ ነው። አብሽሩ፤ አብዛኛው ፍተሻ በጥቂት ቁልፍና በአንድ ሜትር ብርሃን አሳላፊ ቱቦ የሚያልቅ ነው።

መጀመሪያ ጪሱን እዩት። ጥቁር ጪስ እየተፋ ጉልበት ካጣ ያነሰው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም። የአየር ፊልትሮውን አራግፉ፤ ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ የሳሳ መሆኑንም አትርሱ። ጪስ ሳይኖረው የሚደክም ከሆነ ግን ናፍጣው እየደረሰው አይደለም። ጠዋት ሞተሪኖው (ማስነሻው) እየዞረ አልነሳም ሲልም ጪሱ ይናገራል። ነጭ ከሆነ ናፍጣው ገብቷል፣ አልነደደም፤ ወደ ማሞቂያ ካንዴላዎቹና ወደ ኮምፕሬሽኑ ሂዱ። ምንም ጪስ ከሌለ ናፍጣው አልገባም። ቁልፉን ስትከፍቱ ፖምፓው ላይ ያለችው የኤሌክትሪክ መዝጊያ «ጠቅ» ማለቷንም አዳምጡ። ጠቅ ካላለች ሽቦዋን እዩ።

(ምስል፦ ከታንክ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር በሥዕል።)

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። በሃይሉክሱ 2ኤል ሞተርም ሆነ በላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ሞተር፣ ታንክ ውስጥ ሆኖ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የለም። ናፍጣውን ከኋላ እየመጠጠ የሚያመጣው ራሱ ፖምፓው ነው። መስመሩ የሚመጠጥ ስለሆነ፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ አንድ ቦታ ቢሰነጠቅ ናፍጣ ወደ ውጭ አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ሥር ገብታችሁ ብትዳስሱት ደረቅ ነው። «የሚያፈስ ነገር የለውም» ተብሎ ፖምፓው ላይ የሚፈረደው በዚህ ምክንያት ነው። ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ኖዝል ለመክፈት ከ100 ባር በላይ ግፊት ያስፈልጋል፤ አየር ደግሞ ስለሚታመቅ ያንን ግፊት ይበላዋል።

ደሴ ላይ ሜዳ ፈልጎ ማቆም ከባድ ነውና ለዚህ የሚሆን ፍተሻ በነፃ አላችሁ። አንድ ማታ አፍንጫውን ወደ ዳገት፣ ሌላ ማታ ወደ ቁልቁል አድርጋችሁ አሳድሩት፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ ግዴታ ነው። ወደ ዳገት ሲያድር አስቸግሮ፣ ወደ ቁልቁል ሲያድር ወዲያው ከተነሳ፣ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ ማለት ነው። ታንኩ ኋላ ስለሆነ በመጀመሪያው ናፍጣው ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ በሁለተኛው በራሱ ክብደት ወደ ፖምፓው ይወርዳል።

ቦታውን ለማግኘት ከናፍጣ ፊልትሮው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ጎማ አውልቁና ብርሃን አሳላፊውን ቱቦ ተኩበት። አስነሱት፤ ነዳጅ ስጡት። አረፋ ከታየ ቱቦውን ከፊልትሮው በፊት አዙሩ። እዚያ አረፋው ከጠፋ ጥፋቱ ፊልትሮው ላይ ነው፦ የጎማ ቀለበቱ ወይም እላዩ ላይ ያለው በእጅ የሚጫን ፓምፕ። የእጅ ፓምፑን በደንብ መርምሩት፤ ውስጡ ያለው ጎማ ሲያረጅ ማንም አይጠረጥረውም። አረፋው እዚያም ካለ ወደ ታንኩ ቀጥሉ፤ የደረቀ ጎማና የላላ ማሰሪያ ታገኛላችሁ።

አረፋ ሳይኖር ናፍጣው ካነሰ መንገዱ ተዘግቷል። መኪናው ጥቂት ሄዶ ሲቆም የታንኩን ክዳን ክፈቱ። አየር «ፉት» ብሎ ከገባና መኪናው ከታደሰ፣ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል። ካልሆነ ከፊልትሮው በታች ያለውን ማፍሰሻ ፈትታችሁ በጠርሙስ ተቀበሉ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ተለይቶ ይታያል። ቀን ሞቆ ሌሊት በሚበርድ አገር ግማሽ ባዶ የሆነ ታንክ በራሱ ውሃ ያጠራቅማል፤ ማታ ሞልቶ ማሳደሩ የሚበጀውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የማምነው የጀሪካን ፍተሻ ነው። ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ፤ የፖምፓውን መምጠጫ ቱቦ እዚያ ክተቱ። መኪናው ጤነኛ ሆኖ ከሄደ ፖምፓው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከፊልትሮው እስከ ታንኩ ነው።

አንዴ መስመሩን ከፈታችሁ አየሩን ማውጣት አለባችሁ። ፊልትሮው ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ቡሎን አላሉ፤ ናፍጣው አረፋ አልባ ሆኖ እስኪፈስ የእጅ ፓምፑን ጫኑ፤ አጥብቁ። አሁንም ካልተነሳ የኖዝል ቱቦዎቹን ዳዶ በትንሹ አላልታችሁ ሞተሪኖውን ለአጭር ጊዜ አዙሩ። እጃችሁን አደራ! በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ይህ ከሆነ የቁስሉን ማነስ አትዩ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። የሚነፋ ማስነሻ ስፕሬይ ደግሞ ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ አትሞክሩ፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ናፍጣ ውስጥ ላምባ መቀላቀልን በተመለከተ አጥብቄ እናገራለሁ፦ አታድርጉት። ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ላምባ ቀጭን ስለሆነ ብረት ከብረት ያፋጫል።

በእርግጥ ፖምፓው ራሱ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ምልክቱ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ በደንብ ተነስቶ፣ ከባቲ ወደ ሚሌ ሲወርድ ሞቆ ከጠፋ በኋላ እምቢ ማለቱ ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ባለቀው ክፍተት ውስጥ ያመልጣል። እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ አድርጋችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ሞክሩ። ሲቀዘቅዝ ከተነሳ አሁን መካኒኩ ይፍታው፤ ግን የጀሪካኑንና የቱቦውን ውጤት አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ፖምፓው ማሽን ላይ ሲለካም አጠገቡ ቁሙ።