ይህ ፕሮቲን የማን ነው? ከጉበት ካንሰር ሴል ኤግዞሶም ስናወጣ

[ምስል፦ ሮዝ ፈሳሽ ያለበት የሴል ማሳደጊያ ጠርሙስ]

የጉበት ካንሰር ሴሎች እዚህ ፈሳሽ ውስጥ ሁለት ቀን ኖረዋል። ሴሎቹ ከታች ተጣብቀዋል፤ ዛሬ እነሱን አንፈልጋቸውም። የምንፈልገው ሌላ ጊዜ የምንደፋውን ፈሳሽ ነው።

ውስጡ ኤግዞሶሞች አሉ። ኤግዞሶም ሴል ወደ ውጭ የሚለቃት፣ በስብ ሽፋን የተጠቀለለች ከረጢት ናት። ስፋቷ ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ነው፤ በተራ ማይክሮስኮፕ አትታይም። መጀመሪያ ላይ ሴሉ ቆሻሻ የሚጥልባት ትመስል ነበር። አሁን ግን ፕሮቲንና አርኤንኤ ይዛ ወደ ሌላ ሴል እንደምትሄድ እናውቃለን።

ጣጣው የሚጀምረው ገና ሳንሰበስባት ነው። ሴሎቹን ብዙ ጊዜ የምናሳድገው በጥጃ ሴረም፣ ማለትም ከጥጃ ደም በሚወጣ ፈሳሽ ነው። ሴረሙ ራሱ የከብት ኤግዞሶም አለበት! ስለዚህ ከመሰብሰባችን በፊት ኤግዞሶሙ ወደወጣለት ሴረም ወይም ጭራሽ ሴረም ወደሌለው ምግብ እንቀይራለን። ካልቀየርን ስለ ካንሰር እያወራን የጥጃ ፕሮቲን እንቆጥራለን።

[ምስል፦ የሚሽከረከር ሴንትሪፊውጅ]

አሁን ማሽከርከር ነው። በመሬት ስበት 300 እጥፍ ፈሳሹ ውስጥ የቀሩ ሴሎች ይዘቅጣሉ። በ2,000 እጥፍ ስብርባሪው፣ በ10,000 እጥፍ ትልልቆቹ ከረጢቶች። እስካሁን የምንይዘው ላይኛውን ፈሳሽ ነው። በ100,000 እጥፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ስናሽከረክር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ላይኛው ይደፋል፣ ዝቃጩ ይቀራል። እዚህ ጋ በልማድ ተሳስቶ የቀናት ልፋቱን የደፋ ሰው ጥቂት አይደለም።

ዝቃጩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። ቲዩቡ አጋድሞ የሚገባ ከሆነ ወደ ውጭ የሚዞረውን ጎን አስቀድማችሁ በማርከር ምልክት አድርጉ። ኤግዞሶሙ የሚለጠፈው እዚያ ነው። በጨው ውሃ አጥባችሁ አንዴ ድገሙት።

የያዝነው ኤግዞሶም መሆኑን በዌስተርን ብሎት፣ ማለትም የተፈለገ ፕሮቲን መኖሩን በሚያሳይ ምርመራ፣ እናያለን። ሲዲ63፣ ሲዲ81 እና ቲኤስጂ101 የሚባሉት የኤግዞሶም ፕሮቲኖች መታየት አለባቸው። ካልኔክሲን የሚባለው ፕሮቲን መታየት የለበትም። ቦታው ሴሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ከታየ የተሰባበረ ሴል ገብቷል ማለት ነው።

ከዚያ ሽፋኑን አፍርሰን ፕሮቲኑን ትራይፕሲን በሚባል ኢንዛይም እንቆራርጣለን። ትራይፕሲን የሚቆርጠው ላይሲንና አርጂኒን ከሚባሉት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ብቻ ነው። ማስ ስፔክትሮሜትሩ የቁርጥራጮቹን ክብደት ይለካል፤ ኮምፒውተሩ ከሚታወቁ ፕሮቲኖች ጋር ያስተያያል።

[ምስል፦ የፕሮቲኖች ዝርዝር፤ «አልቡሚን» ተከቦ]

ዝርዝሩ ውስጥ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን መጣ። ጥጃውን አትውቀሱ፤ ይሄ የሰው ነው። አልቡሚንና ስብ ተሸካሚ ፕሮቲኖችን መሥራት የጉበት ሥራ ነው፣ ሄፕጂ2 የሚባሉት የጉበት ካንሰር ሴሎችም ይሠሯቸዋል። ታዲያ ከረጢቷ ውስጥ ነበር ወይስ ከውጭ ተለጥፎ መጣ?

ናሙናውን በመጠን በሚለይ ኮለም እናሳልፈው። ትልቁ ቀድሞ ይወጣል። ከሲዲ63 ጋር በአንድ ጠብታ የወጣ አልቡሚን ከኤግዞሶሙ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ዘግይቶ ብቻውን የመጣው ፈሳሹ ውስጥ የነበረ ነው። ትልልቆቹ የስብ ቅንጣቶች ግን ከኤግዞሶሙ ጋር እኩል ይወጣሉ፤ እነሱን የምንለየው በእፍጋት ነው።